ሰማይ አይታረስ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ አባቶች። ይህ ተረት ሁለት የማይቻሉ ነገሮችን በአንድ ቀንበር ይጠምዳል። አንደኛው የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ በሬ ጠምዶ ደመና ላይ የወጣ ገበሬ ታይቶ አይታወቅም። ሁለተኛው ግን የሰው ሥራ ነው፤ ከበላይ የተቀመጠ ያሻውን ቢያደርግ ጠያቂ እንደሌለው ይነግረናል። ተረቱ ሁለቱን ጎን ለጎን በማስቀመጡ ሰው የሠራውን ነገር የተፈጥሮ ሕግ አስመስሎ ያቀርብልናል። ሰማይ እንደማይታረስ ሁሉ ኃያልም አይጠየቅምና አርፈህ ተቀመጥ ነው ነገሩ።

ዛሬ የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ተናግቷል። ሰማዩ ራሱ ባይታረስም፣ ሰማይ ላይ በሚዞር መሣሪያ እየተመሩ ምድርን ማረስ ከተጀመረ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ታዲያ ሁለተኛው ግማሽስ እንዴት ሆነ? ማሳን ከሰማይ የሚመራ ኃይል ሲመጣ፣ ለማሳው ተጠያቂው ማነው? ገበሬው ነው፣ ማሽኑ ነው፣ ወይስ ማሽኑን የሠራው?

በቅድሚያ አሠራሩን በአጭሩ እንየው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው ጂፒኤስ የተባለው የአቅጣጫ መጠቆሚያ፣ በ1995 በ24 ሳተላይቶች ሙሉ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው ይዞራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሰዓታቸውንና ያሉበትን ሥፍራ ያለማቋረጥ ያሰማሉ። ምድር ላይ ያለው መቀበያ፣ ከአራት ሳተላይቶች የመጣው መልእክት የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ራሱ የት እንደቆመ ያውቃል። አሜሪካኖች ጥራቱን ለጦር ሠራዊታቸው አስቀርተው ለሌላው ሰው የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር፣ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህን ማዛባት ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ2000 አስቆሙት። ዛሬ በእርሻው አቅራቢያ የተተከለ የማረሚያ ጣቢያ ሲታከልበት ስህተቱ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የአይዋ ገበሬ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ከመሪው ያነሣል፤ ትልሙ ግን እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

የትልሙ መቅናት የነገሩ ላይ ላዩ ነው። የዛሬው ኮምባይነር እህሉን ሲያጭድ ከእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ምን ያህል እንደተገኘ እየመዘገበ ይሄዳል። መዝገቡ ከጂፒኤሱ ጋር ተዳምሮ ካርታ ይሆናል። አንድ ይመስል የነበረው ማሳ በካርታው ላይ ብዙ ማሳ ሆኖ ይወጣል፤ ጉብታው የተሸረሸረ፣ ረባዳው ውኃ ያቆረ፣ መሐሉ የሰባ ነው። በሚቀጥለው ወቅት ማሽኑ ካርታውን እያነበበ ለአንዱ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ለሌላው ይቀንሳል። ትርፉ የገበሬው ብቻ አይደለም። ተክሉ ያልተጠቀመበት ናይትሮጅን ከአይዋና ከኢሊኖይ ማሳዎች ታጥቦ በሚሲሲፒ ወንዝ በኩል ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል፤ በየበጋውም የውኃውን ኦክስጂን የሚያሳጣና ዓሣ የማይኖርበት ሰፊ ቀጠና ይፈጥራል። አላግባብ የማይበተን እያንዳንዱ ኪሎ ማዳበሪያ ለማያውቀው ዓሣ አጥማጅ የሚተርፍ ነው።

ለሁሉም እኩል ሳይሆን ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት የፍትሕ ጥንታዊ ጥያቄ ነው። አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ አምስተኛው ክፍል፣ ሕግ ሁሉን በአንድ መስፈሪያ ስለሚለካ አንዳንዴ ከእውነቱ እንደሚርቅ ካስረዳ በኋላ የሌዝቦስ ደሴት ግንበኞችን ምሳሌ ያነሣል። እነዚያ ግንበኞች የሚለኩበት ማስመሪያ እርሳስ ከሚባለው ለስላሳ ማዕድን የተሠራ ነበርና ድንጋዩን ተከትሎ ይተጣጠፋል። ትክክለኛ ፍርድም እንዲሁ ነገሩን ተከትሎ መታጠፍ አለበት ማለቱ ነው።

የማይተጣጠፈውን ማስመሪያ እኛም እናውቀዋለን። ለረጅም ዓመታት ለኢትዮጵያ ገበሬ ሲሰጥ የኖረው ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል ነበር። መሬቱ ቀይ አፈር ይሁን መረሬ፣ ጭንጫ ይሁን ደለል፣ ምክሩ ያው ነበር። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የአፈር ለምነት ካርታ ማዘጋጀት ጀምሮ ከየወረዳው የተወሰደ አፈር ሲመረመር፣ በብዙ ቦታ የጎደለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ብቻ ሳይሆን ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ ጭምር እንደሆነ ታየ። ዚንክን በዓይን አይቶ የሚያውቅ ገበሬ የለም። በዚህ ረገድ የመሣሪያውን ጥቅም የሚክድ ሰው ለገበሬው ያዘነ ይምሰለው እንጂ አላዘነለትም።

ይሁን እንጂ ገበሬው ምንም አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ባለ ሁለት ጥማድ ገበሬ ማሳውን በእግሩ ያውቀዋል። የትኛው ጠርዝ ቶሎ እንደሚደርቅ፣ አረሙ ከየት በኩል እንደሚነሣ፣ ዝናቡ ሲከብድ ውኃው የት እንደሚተኛ ለመናገር ካርታ አያስፈልገውም። አሜሪካም ውስጥ ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ነበር። ትራክተሩ ሲመጣ አጥር ተነቀለ፤ ትናንሽ ማሳዎች ተቀላቀሉ፤ አንድ ሰው በመቶ የሚቆጠር ሄክታር ለማረስ በቃ። እግሩ መሬት ሳይረግጥ የሚውል ሰው ደግሞ የእያንዳንዱን ጥግ ጠባይ ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ ሳተላይቱ አሁን የሚመልሰው ትራክተሩ የወሰደውን ነው ማለት ነው። የሚመልሰው ግን ለማን ነው? ዱሮ ዕውቀቱ በገበሬው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ከእርሱ ጋር ይሞት እንደነበር እውነት ነው፤ ነገር ግን እስኪሞት ድረስ ማንም አይቆልፍበትም፣ ማንም አያከራየውም ነበር። ዛሬ ዕውቀቱ የተጻፈው ገበሬው ሊከፍተው በማይችለው መሣሪያ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በሜይ 10 ቀን 2024 ከፀሐይ የተነሣ ኃይለኛ ማዕበል ምድርን መታ። በጥንካሬው ከ2003 ወዲህ የሚስተካከለው አልነበረም። ወቅቱ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በቆሎ የሚዘራበት ነበርና የጂፒኤሱ ምልክት ሲዛባ ብዙ ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው የሰማዩን መረጋጋት ጠበቁ። «መሪውን ራሳቸው ይዘው አይነዱም ነበር?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መንዳቱ አይቸግርም፤ ችግሩ በኋላ የሚመጡት ማሽኖች ሁሉ ያንኑ መስመር ይዘው መሄዳቸው ነው። ዘሩ ሲዘራ መስመሩ በአንድ ስንዝር ከተዛነፈ የሚቀጥለው ማሽን ቡቃያውን ይረግጠዋል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «ሰው በሰማይ ላይ ባለ ነገር መመካት የለበትም» ይላሉ። ይህ አያሳምንም። ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ዓይኑ ወደ ሰማይ ነው፤ ዝናብ ከሌላ ቦታ አይመጣም። ጥገኛ መሆን በራሱ ውርደት ቢሆን ኖሮ ከገበሬ የበለጠ የተዋረደ ሰው አይኖርም ነበር። በዝናቡና በሳተላይቱ መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ነው። ዝናብ ባለቤት የለውም፤ ቢቀር ይጸለይበታል እንጂ የሚከሰስ ሰው የለም። ትራክተሩን የሚያዝዘው ፕሮግራም ግን ባለቤት አለው፤ ያ ባለቤት ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፣ ያስከፍላል። ለዝናብ የሚገባውን ትዕግሥት ለኩባንያ መስጠት፣ የሰውን ሥራ ከተፈጥሮ ጋር የሚያጣምረውን ያንኑ ተረት መድገም ነው።

የቁልፉን ነገር በደንብ ያሳየው የዩክሬን ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ወታደሮች ሜሊቶፖል ከተማ ውስጥ ካለ የጆን ዲር ማሽኖች መሸጫ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ጭነው እስከ ቼችንያ ቢወስዱም፣ ማሽኖቹ ከሩቅ ስለተቆለፉ አልነሣ እንዳሏቸው ተዘገበ። ወሬውን የሰማ ሁሉ ደስ አለው፤ ሌባ በሰረቀው ዕቃ ሲሸነፍ ደስ ያሰኛል። ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ጥያቄ ይከተላል። የሌባውን ትራክተር የሚቆልፍ እጅ የባለቤቱንስ ለመቆለፍ ምን ይከለክለዋል? እዚህ ላይ የእጁ ባለቤት ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለው ዋናው ነገር አይደለም። የገዛሁት ዕቃ ለመነሣት የሌላ ሰው ፈቃድ የሚያሻው ከሆነ፣ ገዛሁት ወይስ ተዋስኩት?

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ምስክር ናቸው። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ከኢሊኖይና ከሚኒሶታ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በዚሁ ኩባንያ ላይ ክስ መሠረተ። የክሱ ፍሬ ነገር ኩባንያው የተሟላውን የጥገና ፕሮግራም ለራሱ ወኪሎች ብቻ በመስጠቱ፣ ገበሬው ወይም የሰፈሩ መካኒክ ማሽኑን እንዳይጠግን ተደርጓል የሚል ነው። ኩባንያው ክሱን አስተባብሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2023 ኮሎራዶ ገበሬ የእርሻ ማሽኑን የመጠገን መብት እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆናለች።

አምራቾች የሚያቀርቡት ምክንያት ጨርሶ የሚናቅ አይደለም። ፕሮግራሙን ለመሥራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጭንቅላት ፈስሶበታል። ማንም እየገባ ቢነካካው የሞተሩ ጭስ ከተፈቀደው በላይ ሊሆን፣ አሥር ቶን የሚመዝን ማሽንም ሰው ላይ ሊሄድ ይችላል። ሆኖም ይህ ምክንያት የሚያስረዳው ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ እንጂ፣ ቁልፉ ሁሉ በአንድ እጅ መግባት እንዳለበት አይደለም። መኪና የገዛ ሰው ፍሬኑን የሰፈር መካኒክ ዘንድ ሲያሳድስ ለሰው ሕይወት አይጠነቀቅም አይባልም።

በእኔ አስተያየት መለኪያው አንድ ነው። የመወሰን ሥልጣን ኪሳራው ከሚወድቅበት ትከሻ መራቅ የለበትም። ካርታው ተሳስቶ ማዳበሪያው ያላግባብ ቢፈስስ፣ ማሽኑ በዘር ሳምንት ተቆልፎ ቢቆም፣ በበልግም ሆነ በመኸር ባዶ ጎተራ የሚያየው ገበሬው ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ደመወዙ አይቀርበትም። ስለዚህ ማሽኑ ይምከር፣ ይለካ፣ መሪውንም ይያዝ፤ «እምቢ፣ በዚህ በኩል አልዘራም» የማለት፣ ሲበላሽ ከፍቶ የማየት፣ የማሳውን መዝገብ ይዞ ወደፈለገው የመሄድ መብት ግን ለአራሹ ይቆይ።

ይህ የአይዋ ባለ ሚሊዮን ዶላር ገበሬ ጣጣ ነው ብለን ማለፍ አንችልም። እኛ ከተሜዎች የምንበላው እንጀራ አሁንም በአብዛኛው ሞፈር ከያዘ ገበሬ ማሳ የሚመጣ ነው። ያ ገበሬ ሳተላይት የሚከተል ትራክተር ባይኖረውም የአፈር ካርታው ግን ደጁ ደርሷል፤ ሌላውም መምጣቱ አይቀርም። «መቶ ኪሎ ጨምር» ይሉት የነበሩት ሰዎች ነገ «ካርታው እንዲህ ይላል» ቢሉት፣ እርሱም ካርታውን የማያነብ፣ የማይጠይቅና የማያርም ከሆነ፣ የተለወጠው የትእዛዙ ትክክለኛነት ብቻ ነው። የበለጠ ትክክል የሆነ ትእዛዝም ትእዛዝ ነው። አፈሩ የሚገባውን እንዲያገኝ ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ አራሹም የሚገባውን ማግኘት አለበት። የሚገባው ደግሞ ማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን ማስረጃውን አይቶ የመከራከር ዕድልም ነው።

ሰማይ አይታረስም ያሉት አባቶች ሳተላይትን ሊያስቡት አይችሉም ነበርና አንወቅሳቸውም። የሚያስወቅሰው፣ የተረቱ አንድ ግማሽ ሐሰት መሆኑን በዓይናችን እያየን ሌላውን ግማሽ እንደ እውነት ተቀብለን ብንኖር ነው።