ሁለት ሥልጣን በአንድ ደጃፍ

በሌሊት በር ሲንኳኳ ከውስጥ ያለው ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው «ማን ነው?» ብሎ ነው። «ፖሊስ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ የማዕከላዊው መንግሥት ይሁን የአካባቢው ለመለየት ፋታም አቅምም የለውም። ለእርሱ መንግሥት አንድ ነው። ደጃፉ ላይ የቆሙት ግን የተለያየ አለቃ ያላቸው ሁለት ወገኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ለመሆኑ አንደኛው ላጠፋው ጥፋት አብሮት የቆመው ሌላኛው ይጠየቃልን?

ጥያቄው ከባዶ ግምት የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ በናሳው ካውንቲ የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የወሮበላ ቡድን አባላትን ለመያዝ የቤት ለቤት አሰሳ አካሄደ። የካውንቲው ፖሊስም አብሮ ወጣ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሎውረንስ መልቪ እና የካውንቲው አስተዳዳሪ ቶማስ ስዎዚ በአደባባይ አቤቱታ አሰሙ። እንደ እነርሱ አባባል፣ ከ96 የመያዣ ትእዛዞች ከ6ቱ በስተቀር ሁሉም የተሳሳተ ወይም ጊዜ ያለፈበት አድራሻ የያዙ ነበሩ። አንድ የ28 ዓመት ሰው በ7 ዓመቱ በተነሣው ፎቶግራፍ ይፈለግ ነበር። የፌዴራል ወኪሎቹ በስሕተት በካውንቲው ፖሊሶች ላይ ሳይቀር መሣሪያ ደግነዋል። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ክሱን አልተቀበለውም። ካውንቲው ግን ትብብሩን አቋረጠ።

እስቲ ነገሩን እናስተውል! የአካባቢው ፖሊስ «ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ አልጻፈም። ሆኖም በሩ የተከፈተው እርሱን በማየት ቢሆንስ? ነዋሪው የሚያውቀው ሰፈሩን የሚጠብቀውን የእርሱን መለዮ ነው። መለዮውን ያዋሰ ሰው ከእጁም ባይሆን ከስሙ አበድሯል። የተበደረው ሰው ስሙን ቢያጎድፍበት «አላየሁም» ማለት ከተጠያቂነት አያድነውም።

በሌላ በኩል «ሕግ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ከተማ የወደደውን እየመረጠ የሚተባበር ከሆነ አገር እንዴት ይጸናል?» የሚል ክርክር ይነሣል። ይህም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 በአርካንሳስ ግዛት፣ በሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ያገደው የግዛቱ አገረ ገዥ ነበር። ወታደር ልኮ ያስገባቸው ደግሞ የፌዴራሉ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ነበር። ስለዚህ ቅርብ ያለው ሁልጊዜ ርኅሩኅ፣ ሩቅ ያለውም ሁልጊዜ ጨካኝ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ሚዛኑ ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን፣ ምን ይዞ መጣ፣ ላደረገውስ ለማን መልስ ይሰጣል የሚለው ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ከጦር መሣሪያ ሽያጭ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ ክርክር፣ የፌዴራሉ መንግሥት የአካባቢ ፖሊሶችን የራሱን ፕሮግራም እንዲያስፈጽሙ ማዘዝ እንደማይችል ወስኗል። ይህ ፍርድ ለአካባቢው ፖሊስ መብት ብቻ ሳይሆን ሸክምም ሰጥቶታል። የተገደደ ሰው «ታዝዤ ነው» ይላል። መርጦ የተባበረ ሰው ግን ይህ ምክንያት የለውም። ምርጫ ባለበት ሁሉ ተጠያቂነት አለ።

ደግሞም የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መመሪያ፣ ፖሊሶች የሰውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ ለማወቅ ሲሉ ብቻ እርምጃ እንዳይጀምሩ ከልክሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተዘረፈ ሰው ፖሊስ ከጠራሁ ራሴ እያዛለሁ ብሎ ከፈራ ዝም ይላል። ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ ሴትም ዝም ትላለች። ወሮበላውን የሚያውቀው ጎረቤትም አይናገርም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይህ ነው። አመኔታ በአንድ ሌሊት ይፈርሳል፤ ለመገንባት ግን ዓመታት ይጠይቃል።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ ከመካከላችን በአሜሪካ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ፤ የዚህ ደጃፍ ነገር ሩቅ አይደለም። ከዚህም ሌላ ሁላችንም በየፊናችን ሰዎች የሚያምኑት ስም አለን። አባት በልጆቹ ዘንድ፣ ሽማግሌ በሰፈሩ፣ ጸሐፊ በዕድሩ ይታመናል። አንድ ኃይለኛ መጥቶ «አብረኸኝ ቁም፤ በሩን አንተን አይተው ይከፍቱልኛል» ሲለን፣ ከመነሣታችን በፊት አድራሻው ትክክል ነውን? ፎቶግራፉ የእርሱ ነውን? ስሕተት ቢፈጠር ማን ይጠየቃል? ብለን እንጠይቅ። መልስ ካላገኘን አለመሄድ እንቢተኝነት አይደለም። በእጃችን ያለው የሰዎች አመኔታ አማና ነውና፣ አማናን ደግሞ ለሌላ አሳልፎ ማበደር አይቻልም።