የቤት ሥራው የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቋንቋችን «የቤት ሥራ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ብዙዎቻችንን ከአገር ያወጣን፣ እንጀራችንን የምንበላበት ሥራ ነው፤ መጥረጉ፣ ማጠቡ፣ መተኮሱ፣ ማብሰሉ። ሁለተኛው መምህር ለተማሪው የሚሰጠውና ልጁ ቤቱ ሠርቶት እንዲመጣ የሚታዘዘው ነው። የመጀመሪያውን ሠርተን ስንጨርስ፣ ማታ ላይ ሁለተኛው ይጠብቀናል። የአሠሪዎቻችን ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ማድ ቤት ይመጣል። በዚያው ሰዓት አገር ቤት የቀረው የራሳችን ልጅ ደብተሩን ይዞ አያቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ወይም ጭራሽ አልተቀመጠም። አረቦቹ ይህን የተማሪ ሥራ «ዋጂብ» ይሉታል፤ ግዴታ ማለት ነው። መስከረም ጠብቶ ትምህርት በተከፈተበት በዚህ ወቅት ይህን ጥያቄ አብረን እንመርምር፤ ግዴታው የማን ነው? የልጁ ነው? የወላጁ ነው? ወይስ አጠገቡ የተገኘው ሰው?

ሁለት መልስ በመካከላችን ይሰማል። አንደኛው «ልጁ ለምን ይጨነቃል? ልሥራለት» የሚል ነው። ይህ ፍቅር ይመስላል። ሰው ሲደክመው ደግሞ መገላገያም ይሆናል፤ የልጁ እንባ ይቆማል፣ ማዳም «ጨረሰ ወይ?» ስትል መልስ ይገኛል፣ የቀረው ሳህንም ይታጠባል። ሁለተኛው «የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔን ማን አስጠናኝ? ከፈለገ ይማር፣ ካልፈለገ ይቅር» የሚል ነው። ይህም ጥንካሬ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ልጁን እግሩን እንዳይዘረጋ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ መንገዱን ሳያሳየው በጨለማ ይተወዋል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ ውስጥ የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። በቁጥር 2 አንዳችን የሌላችንን ሸክም እንድንሸከም ያዘናል። በቁጥር 5 ደግሞ ሰው ሁሉ የየራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይነግረናል። የትኛውን እንያዝ? ሁለቱንም ነው። ለጉዳያችን እንዲህ ብናስተውለው ይጠቅመናል፤ ሰውን የሚያደቅቅ ሸክም አለ፤ እርሱን ወንድም ለወንድሙ ያነሣለታል። ሰውን የሚያጸና ሸክምም አለ፤ እርሱን ማንም ለማንም ሊያነሣለት አይችልም። የደከመን ወንድማችንን እጁን ይዘን እስከ ንስሐ አባቱ ደጅ ልናደርሰው እንችላለን፤ ንስሐውን ግን ልንገባለት አንችልም። ስለ ሌላ ሰው እንጸልያለን፤ በእርሱ ፈንታ ግን ልናምንለት አንችልም። ዕውቀትም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ በተማሪ ልጅ ትከሻ ላይ ያለውን እንለየው። ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የመብራት እጦት፣ የቤት ውስጥ ጠብ፣ «ደደብ» እየተባሉ መሰደብ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ ውሃ ቅዳ፣ ሱቅ ሂድ መባል፤ እነዚህ የሚያደቅቁ ናቸው። ስሌቱን ማስላት፣ የተሳሳቱትን ማረም፣ ያልገባውን ደግሞ ማንበብ፣ እጅ አውጥቶ መምህርን መጠየቅ፣ ቦርሳን ራስ ማዘጋጀት፤ እነዚህ የሚያጸኑ ናቸው። የፊተኞቹን ማውረድ የእኛ ፈንታ ነው። የኋለኞቹን ከልጁ እጅ መንጠቅ ግን ደግነት አይደለም፤ እድገቱን መውሰድ ነው።

ይህን በአገራችን በዓይናችን አይተነዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲሰጥ ኩረጃን ለመከላከል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው እንዲፈተኑ ተደረገ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ጦርነቱም፣ ኮሮናውም፣ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረቱም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ተገልጧል፤ ሹክ የሚል ሰው በሌለበት ክፍል ልጅ የሚገባው ራሱ የተሸከመውን ብቻ ይዞ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሌላ ሰው የጻፈለት ሁሉ ከበር ይመለሳል።

አባቶቻችን በአብነት ትምህርት ቤት ይህን ሥርዓት አስቀምጠውልናል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ንባብን በአንድ ቀን አይጨርሰውም፤ በቁጥር ይጀምራል፣ በግእዝና በውርድ ንባብ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ቁም ንባብ ይደርሳል። የትናንቱን ሳያሰማ የዛሬው አይጨመርለትም። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽለዋል፤ በታናሹ ፈንታ ግን አያጠናለትም። ዛሬ የጥናት ዘዴ ተብሎ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው በዚህ ውስጥ አለ፤ ከዛሬው በፊት የትናንቱን መከለስ፣ በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ማጥናት፣ ደብተር ዘግቶ በቃል መሞከር፣ ያወቁትን ላላወቀው ማስረዳት።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዱላ ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ሲሳካለት አየ። ትሏን አንሥቶ ከቅርንጫፉ ላይ ያስቀመጣት ሰው ቢኖር ኖሮ ያሬድ ምን ይማር ነበር? ዱላው ያላስተማረውን የትሏ ጽናት አስተማረው። ሌላም ነገር እንዳንዘነጋ፤ ያሬድ ሲመለስ መምህሩ ተቀብሎታል። መውጣቱ የያሬድ ነበር፤ በሩን መክፈት ግን የመምህሩ ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ልጆች እንምጣ። መጀመሪያ በምንሠራበት ቤት ወዳለው ልጅ። «የእኔ ልጅ አይደለም፤ ቢወድቅስ ምን ቸገረኝ? የእኔን ልጅ ማን ያስጠናዋል?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህ ሐሳብ ከክፋት የመጣ ነው ብለን አንገሥጸውም፤ ከናፍቆት የመጣ ነውና። ሆኖም በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ ያለችውን ስሟ እንኳ ያልተጻፈ ትንሽ ልጅ እናስባት። ተማርካ በሰው አገር በንዕማን ቤት ታገለግል ነበር። ለጌታዋ ክፉ ልትመኝለት ምክንያት ነበራት፤ እርሷ ግን መዳኑን ወደደች። ልብ እንበል፤ ራሷ አልፈወሰችውም፤ የሚፈወስበትን መንገድ አመለከተች። ከእኛም የሚጠበቀው ይኸው ነው። እርሳሱ ከልጁ እጅ አይውጣ። ቋንቋውን ባናውቀው «አንተ አንብብልኝ፣ ምን ይላል?» እንበለው። ማዳም ስትጠይቅ «ራሱ ሠርቶታል፤ ይህ ጥያቄ ግን ከብዶታል» ብንላት፣ አልቆ ከታየው ሐሰት ያላለቀው እውነት ይሻላል። ከአቅማችንና ከሥልጣናችን በላይ የሆነውን ግን እግዚአብሔር አይጠይቀንም፤ ታዝዛ የምትሠራ እህት የቤቱን ሥርዓት ሁሉ ልትለውጥ አትችልም።

ቀጥሎ አገር ቤት ወደ ቀረው ልጅ። የምንልከው ገንዘብ ከንቱ አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ደብተሩ፣ ጫማው የሚያደቅቀውን ሸክም ያነሣል። ነገር ግን በስልክ አብሮት የሚላክ ሌላ ሸክም አለ፤ «እኔ እዚህ የምቃጠለው ለአንተ ብዬ ነው፣ አንደኛ ካልወጣህ ልፋቴ ከንቱ ነው» የሚል። ንግግሩ እውነት ሊኖረው ይችላል፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ግን ይከብዳል። የእናቱን ስደት በፈተና ውጤት እንዲከፍል የተጠየቀ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ውጤቱን መደበቅ ነው። ከዚያ ስልክ ሲጠራ አያነሣም፤ እኛም ረሳኝ እንላለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ለሰኔ እናቆየው። በየሳምንቱ ግን «ምን ተማርክ? ምን ከበደህ? መምህርህን ምን ጠየቅኸው?» እንበል። ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ የተገኘው እየሰማቸውና እየጠየቃቸው ነበር። መጠየቅ የማያውቅ ልጅ ምልክት አይደለም።

«እኔ አልተማርኩም፣ ምን ላስጠናው እችላለሁ?» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ልጁ ለእናንተ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና ብዙ ልጅ ሳይገባው ቃሉን ብቻ ይሸመድዳል። «በአማርኛ ንገረኝ» ስትሉት ግን የገባውና ያልገባው ይለያል። ፊደል ያልቆጠረች እናት ልጇን ስታዳምጥ መምህር ሆናለች። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ባሕሬንና ኳታር ያላችሁ ሰዓታችሁ ከአገር ቤት ጋር አንድ ነው፤ ኤምሬትስ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሥራ የሚፈቅድ ከሆነ ቀኑና ሰዓቱ የተለየ አጭር ጥሪ፣ አሥር ደቂቃም ቢሆን፣ ልጁ የሚጠብቀው ሥርዓት ይሆንለታል።

የሚያሳድጉትን ደግሞ እናክብራቸው። ጢሞቴዎስን እናቱ ብቻ አላሳደገችውም፤ የአያቱም እምነት በ2ኛው መልእክት ተመስክሮላታል። አያትን «ለምን አላስጠናሽውም?» ብሎ መውቀስ ሳይሆን «እማዬ፣ ማታ አንድ ሰዓት ከመላላክ ይረፍልኝ» ብሎ መለመን ይሻላል። አንድ የታወቀ የማጥኛ ቦታ፣ ለአንድ ሰዓት ዝም የሚል ቴሌቪዥን፣ ከመተኛት በፊት የተዘጋጀ ቦርሳ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሳምንት ፕሮግራም፤ እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የላክነው ስልክም በጥናት ሰዓት በአያት እጅ ይደር።

ስለ ሴቶች ልጆቻችን ደግሞ ለብቻ እንናገር። እናቷ የተሰደደች ልጅ ብዙ ጊዜ በእናቷ ቦታ ትተካለች፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች። የቤት ሥራው የቤት ሥራዋን ይበላባታል። ይህ ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እርሷ ነገ በሰው ቤት በር እንዳትቆም ብለን የወጣን ሰዎች፣ ዛሬ በገዛ ቤቷ ያንኑ ኑሮ እንዳትጀምረው ልንከላከልላት ይገባል። ሥራውን ከወንድሞቿ ጋር እንድትካፈል አጥብቀን እንጠይቅ።

ስልክ እጅን አይተካም፤ ይተካል ብለን ራሳችንን አናታልል። ከሩቅ የማንደርስበት ብዙ ነገር አለ። ስለዚህ በአጠገቡ ያለ ሰው እንፈልግ፤ መምህሩን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ታላቅ ወንድም ወይም እህትን፣ የተማረ ጎረቤትን። እዚህ አብረውን ያሉ ልጆች ያሏችሁም፣ ከቅዳሴ በኋላ የአንዳችሁን ልጅ አንዳችሁ ብታስጠኑ በገላትያ መልእክት የታዘዝነው ይፈጸማል።

ጥያቄያችን የቤት ሥራው የማን ነው የሚል ነበር። የቤት ሥራው የልጁ ነው። ቤቱ ግን የእኛ ነው፤ መብራቱ፣ ሰላሙ፣ የጥናት ሰዓቱ፣ ሲወድቅ የማይዘጋው በር። ሥራውን ለልጁ እንተውለት፤ ቤቱን ከሩቅም ሆነን እንሥራለት።

የጥበብ ባለቤት እግዚአብሔር በያሉበት ላሉ ልጆቻችን ማስተዋልን ይስጥልን። ለሚያሳድጉልን እናቶችና አባቶች ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እኛንም በሰላም ለአገራችንና ለልጆቻችን ያብቃን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።