ፊልሙ ውስጥ ነው

ጎረቤታችን ዞርኪ 4 ካሜራ አመጡልኝ፤ በፈረንጆቹ ከ1956 እስከ 1973 የተመረተው የሶቪየት ሥሪት። «የሟች ባለቤቴ ነው፣ እስቲ እየው ልጄ።»

ከኮልፌ ወጨጫ ተራራን ሳይበት ሁለት ወጨጫ ታየኝ። ርቀት መለኪያውን ከፊት በኩል ባለች ብሎን አስተካከልኩት። ሻተሩ ግን ተቸክሏል፤ ለእሱ ጀርባው መከፈት አለበት። የፊልም መመለሻውን ቀስ ብዬ ሳዞረው ጠጠር አለብኝ። ፊልም አለው!

ኮድ ቢሆን ኮፒ ይዤ እበታትነው ነበር። ይሄ ኮፒ የለውም፤ ብርሃን ካገኘው አለቀ። ጨለማ ውስጥ በዳሰሳ ማውጣቱስ ይቻላል። ከዚያስ? አሳጥቤ ልየው? እንድሠራ የተሰጠኝ ካሜራው ነው፤ ፎቶዎቹን ማንም አልሰጠኝም። ሰውየው ምን እንዳነሱ ሚስታቸውም አላዩም።

ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቡና ቀዱልኝ።

«እስከ ፋሲካ እንዳለ ይቀመጥ» አሉኝ።