ንድፍ አውጪው፥ መሣሪያውና የአሶሳ ሽመል

ቤት የሚነድፍ ሰው እጁ ያረፈ እንደ ሆነ አሳቡም አብሮ ያርፋልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን የዘመናችን አርክቴክቶች እርሳሳቸውንና ቲ-ስኩዌራቸውን አስቀምጠው ሕንፃን በኮምፒዩተር ውስጥ ሙሉ አካል አድርገው ማቆም መጀመራቸው ነው።

አሳቡ የትናንት አይደለም። ቻርልስ ኢስትማን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ኮምፒዩተር በሥዕል ንድፍ ፈንታ ሊያገለግል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1975 ጽፎ ነበር። በአገራችንም፥ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለብዙ ዘመን ያሠለጠነው በእርሳስና በማስመሪያ ነው። በአዲሱ አሠራር ግን ግድግዳ ሁለት መሥመር መሆኑ ቀርቶ ውፍረቱን፥ የሚሠራበትን ዕቃና ዋጋውን የያዘ አካል ይሆናል። አንድ መስኮት ቢዛወር ፕላኑም፥ ሴክሽኑም፥ ኤሌቬሽኑም አብረው ይለወጣሉ። የውሃ ቧንቧ ከኮንክሪት አግዳሚ ጋር የሚጋጭ እንደ ሆነም ኮንክሪቱ ሳይፈስ ይታወቃል።

ይህን ጥቅም የሚያቃልል ሰው የአሶሳን መንገድ አያውቅም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ የመጣ ሲሚንቶ በስሕተት ፈሶ እንደ ገና በመዶሻ ሲፈርስ፥ የሚባክነው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስሕተትን አስቀድሞ ማየት የአደራም ጉዳይ ነው እንላለን።

ነገር ግን መሣሪያው ቶሎ የሚያቀርበው በማኅደሩ ያለውን ነው፤ በማኅደሩ ያሉት በርና መስኮቶች፥ የብሎኬትና የመስተዋት ግድግዳዎችም አብዛኛዎቹ በሌላ አገር የተዘጋጁ ናቸው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ የሽመል፥ ይኸውም የቆላ ቀርከሃ፥ አገር ነው። ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት አይደለም፤ ድፍን ነው። ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ አንዱም ከሌላው ጋር ልክ አይመሳሰልም። የበርታና የጉሙዝ ሰዎች ይህንኑ ሰንጥቀውና ጠልፈው ግድግዳ ያደርጉታል፤ በቆላው ሙቀት ነፋሱ በመካከሉ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በማኅደሩ ውስጥ የሚፈልግ ወጣት አርክቴክት በቀላሉ አያገኘውም። ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ቀናት ይፈጅበታል፤ ብሎኬቱ ግን በአንድ ጠቅታ ይመጣል፤ ሰኞ ጧት ሥራውን የሚጠብቅ አለቃም አለው። እንዲህ ሆኖ ማንም ሳይመክርበት ትምህርት ቤቱ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ይሆናል።

በእርግጥ የእርሳሱም ዘመን ከዚህ ነውር ንጹሕ አልነበረም፤ አንድ ዓይነት ፕላን ተባዝቶ ወደ ደጋውም ወደ ቆላውም ይላክ ነበር። ሆኖም እርሳስ አያዳላም፤ ለእርሱ የብሎኬት ግድግዳም የሽመል ግድግዳም መሥመር ነው። አዲሱ መሣሪያ ግን ሳይናገር ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሽመልም ቢሆን ጉድለት አለው፤ በመድኃኒት ካልታከመ ምስጥና ነቀዝ ይበሉታል። ይህን መዝኖ ብሎኬትን የመረጠውን ሰው አንወቅሰውም፤ የምንወቅሰው ሳይመዝን የመረጠውን ነው።

የሽመልን ግድግዳ አንድ ጊዜ በሚገባ ለክቶ በማኅደሩ ያስገባ ሰው ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ የቀናቱን ድካም ያስቀርላቸዋል። ለዚህም አስቀድሞ ወደ አሶሳ ወርዶ፥ ከጠላፊዎቹ ጋር ተቀምጦ፥ ሽመሉን በእጁ መያዝ ያስፈልገዋል።