ጦርነትን መጫወት ይገባናልን?

ከጂቡቲ ከተማ በ12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፔካ 12 የሚባል ሰፈር አለ። ከወደቡ ጭነት ሊያነሡ ከደጋው የሚወርዱ የአገራችን የከባድ መኪና ሾፌሮች ሲያርፉበትና ተራቸውን ሲጠብቁበት የኖሩበት ሥፍራ ነው። ሙቀቱ ጽኑ፣ መጠበቁም ረጅም ነው፤ በካርቶን ላይ መስመር አስምሮ በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ መጫወትም እንዲህ ላለው ጊዜ የታወቀ ማሳለፊያ ነው። እንግዲህ ከእነርሱ አንዱ፣ ታሪክ የሚወድ ሰው፣ ካርቶኑን ገልብጦ የዐድዋን ተራሮች ቢሥልበት፣ ቆርኪዎቹንም የአፄ ምኒልክና የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ብሎ ቢያሰልፋቸው፣ ጓደኞቹም ከብበው ቢጫወቱ፣ ይህ ንጹሕ ጨዋታ ነውን? ወይስ በሙታን ላይ መቀለድ ነው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከልባችን ብዙ ይገልጣልና በትዕግሥት እንመርምረው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን የተጫወቱት ሰንጠረዥ ራሱ የጦር ምስል ነው። በአገራችን ሥርዓት ሁለቱ ተጫዋቾች በመጀመሪያ ተራ ሳይጠባበቁ በአንድ ጊዜ ያሰልፋሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል፤ ተራ መጠበቅ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ከያዘ በኋላ ነው። በፕሩስያም ራይስቪትስ የሚባል መኮንን በ1824 እ.ኤ.አ. በካርታና በትንንሽ ቁራጮች የሚደረግ የጦር ጨዋታ ደንብ አወጣ፤ ይህም ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1913 እ.ኤ.አ. ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ መጽሐፍ አሳተመ፤ በመጨረሻውም እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል ስንፍና እንደ ሆነ ጨዋታው ያስተምራል ሲል ተስፋ አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጨዋታው ያንን ጦርነት አላመጣውም፤ ደግሞም አላስቀረውም።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው የሚነገረውን መልካም ነገር እንስማ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሌሊት ተከፋፍሎ ሲጓዝ ጄኔራል አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት ወደሚባለው ኮረብታ ታዘዘ። በእጃቸው የነበረው ንድፍ ካርታ ግን ስሙን በሌላ ኮረብታ ላይ ጽፎት ነበር፤ ስለዚህ አልበርቶኔ ከጓደኞቹ እጅግ ርቆ ሄደ፤ ብቻውንም ተከበበ። ይህን በወሬ የሰማ ሰው ቶሎ ይረሳዋል፤ በካርቶን ላይ በገዛ እጁ ቆርኪውን ያራመደ ግን አንድ የተሳሳተ ስም የብዙ ሺህ ሰው ሞት እንደሚሆን ያያል። ደግሞም በጠላት ወገን ተቀምጦ የሚጫወት ሰው፣ ጠላቱ እንደ እርሱ የሚያስብ፣ የሚፈራና የሚሳሳት ሰው መሆኑን ይማራል። ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ነገር ግን ካርቶኑ የማያሳየው ነገር አለ። የወደቀው ቆርኪ ወደ ጣሳው ይመለሳል፤ ነገም እንደ ገና ይሰለፋል። በዐድዋ ከተማረኩት የኤርትራ ተወላጆች መካከል በመቶ የሚቆጠሩት የቀኝ እጃቸውና የግራ እግራቸው ተቆርጠዋል። ይህ የሆነው ውጊያው ካለቀ፣ ድሉም ከታወቀ በኋላ ነው። ጨዋታው በድል ይፈጸማልና፣ ከድል በኋላ ለሚመጣው ኀዘን ደንብ የለውም። በድላችን ደስ የምንሰኝ እኛም ይህን መዘንጋት አይገባንም።

ቅዱስ መጽሐፍ በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ በምዕራፍ 2 ስለ ገባዖን ኩሬ ይነግረናል። አበኔርና ኢዮአብ በኩሬው ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ጎልማሶቹ በፊታቸው እንዲጫወቱ ተስማሙ። ከዚህ 12 ከዚያም 12 ተነሡ፤ እያንዳንዱም የባልንጀራውን ራስ ይዞ ሰይፉን በጎኑ ሻጠ፤ በአንድነትም ወደቁ። በዚያው ቀን ሰልፉ ጸንቶ ከአበኔር ወገን 360፣ ከኢዮአብም ወገን 19 ሰዎችና አሣሄል ሞቱ። አስተውሉ፤ እነዚህ ሁለት አለቆች ጠጠርን እንደ ሰው አልቈጠሩም፤ ሰውን እንደ ጠጠር ቈጠሩ እንጂ። ኃጢአቱ በዚህ ነበረ።

እንግዲህ በእነርሱ ላይ ብቻ አንፍረድ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በሆነው ጦርነት ጊዜ እኛም በየቡና ቤቱ ተቀምጠን ነበር። ይህች ከተማ ተያዘች፣ ያቺ ተለቀቀች እያልን በጣታችን በጠረጴዛው ላይ መንገድ ሣልን፤ አንዳንዴም ሳቅን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ውጊያው በአፋር ምድር ወደ ሚሌ አቅጣጫ በገፋ ጊዜ የጂቡቲ መንገድ በአፋችን አንድ መስመር ሆኖ ነበር። በዚያ መስመር ላይ ግን እንጀራውን የሚፈልግ ሾፌር፣ በቤቱም መምጣቱን የምትጠብቅ ሚስት ነበረች፤ በወዲህም በወዲያም ልጆቻቸውን የሚያለቅሱ እናቶች ነበሩ። በእጃችን ካርቶንም ቆርኪም አልነበረም፤ ሆኖም ያለ ገበታ ተጫወትን።

ስለዚህ በፔካ 12 ጥላ ሥር በካርቶን ላይ ዐድዋን የሚደግመውን ሰው አንከለክለውም። ቆርኪ ደም የለውም፤ ቆርኪን ማራመድም ማንንም አይበድልም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንለምነዋለን። አንድ ጊዜ በወገኑ ከተጫወተ ሁለተኛ ጊዜ በጠላቱ ወገን ይጫወት፤ ቆርኪዎቹንም ወደ ጣሳው ከመመለሱ በፊት በዙሪያው ላሉት ወጣቶች፣ የወደቁት እያንዳንዳቸው ስም እንደ ነበራቸው ይንገራቸው። ይህን የለመደ ልብ፣ ስለ ዛሬ ጦርነት ወሬ በሰማ ጊዜ፣ ማን አሸነፈ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል።

ጨዋታው ሲፈጸም የሾፌሩ ተራ ይደርሳል፤ መኪናውን አስነሥቶ በጋላፊ በኩል ወደ አገሩ ይወጣል። በመንገዱ የሚያገኛቸው ቆርኪዎች አይደሉም፤ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው። እርሱ በሰላም እንዲገባ፣ እኛም ባልንጀሮቻችንን ዳግመኛ እንደ ጠጠር እንዳንቈጥር የሰላም አምላክ ይርዳን። አሜን።