አደራውን ማን ይጠይቃል?

አደራ የሰጠ ሰው አንድ ቀን ተመልሶ ይጠይቃል፤ ተቀባዩም ይህን እያሰበ ይጠነቀቃል። ወላጆቹ የሞቱበት ሕፃን ግን ጠያቂ የለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 መንግሥት አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ደንግጓል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከቀረ ወዲህ ደግሞ አደራው ይበልጡን በዘመድ፣ በአገር ውስጥ አሳዳጊና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ላይ ወድቋል።

እንግዲህ እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባለ፣ ብዙው አዋቂ ማልዶ ወደ ፋብሪካ በሚሰማራበት ክፍለ ከተማ፣ ክትትል ማለት ምንድን ነው? ስንት ሕፃናት አሳዳጊ አገኙ፣ ስንት ደብተር ታደለ ብሎ መመዝገብ ቀላል ነው፤ ሪፖርቱም ያምራል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ትምህርቱን ለምን አቋረጠ? በአሳዳጊው ቤት እንደ ልጅ ነው ወይስ እንደ አገልጋይ? አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከማሳደጊያው ሲወጣ የሚጠጋበት አለውን? የወረዳው ምክር ቤት ከጽሕፈት ቤቱ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው።

ለዚህም ሠራተኛ ቤት ድረስ ሄዶ፣ አሳዳጊው በሌለበት ልጁን ራሱን ማነጋገር ይኖርበታል። ይህ የሰው ጓዳ መድፈር ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ልጁን በአደራ የተቀበለ ሰው ጠያቂም እንደሚመጣበት አውቆ ተቀብሏልና። ያየውን ለወረዳው የሚናገር ጎረቤትም ሐሜተኛ ሊባል አይገባውም።