ሒሳብ የሚያውቅ ፋርማሲስት ለመንዝ

ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ መንዝ መሐል ሜዳ የሚዘልቀው መንገድ ለመድኃኒት ቤት ባለቤት አልጋ በአልጋ አይደለም። ያለቀበትን መድኃኒት ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ጅምላ አከፋፋይ እስኪያስመጣ ድረስ ከጊሼ የመጣ ታካሚ ባዶ እጁን ይመለሳል። አብዝቶ ቢያከማች ደግሞ የመጠቀሚያ ጊዜው ያልፍበታል። ለዚህ ፋርማኮሎጂ ብቻውን አይበቃም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ መድኃኒት ቤት 100 ፓኬት መድኃኒት አንዱን በ80 ብር ገዝቶ በ100 ብር ይሸጣል እንበል። 20ው ጊዜው ቢያልፍበት፣ ቀሪውን 80 ሸጦ የሚያገኘው 8,000 ብር የገዛበትን ብቻ ይመልስለታል። የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የሠራተኛ ደመወዝና ግብር ከኪሱ ይወጣል። ደንበኛው በጉን እስኪሸጥ በዱቤ የሰጠው ገና አልተቆጠረም። (የመንዝ ብርድ ይበቃል ብሎ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ለሚፈልገው ኢንሱሊን ፍሪጅ የማይገዛውም ቆጠበ አይባልም።)

“ፋርማሲስቱን ነጋዴ ልናደርገው ነው ወይ?” የሚሉ አይጠፉም። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ትርፍ ያሰከረው ባለሙያ አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ይቸበችባል። ዕዳ ያስጨነቀውም ግን ያንኑ ያደርጋል፤ ዕዳ ውስጥ ቶሎ የሚገባው ደግሞ ሒሳቡን የማያውቀው ነው።

የመንግሥት ተቋምም ከዚህ የሒሳብ ጣጣ አያመልጥም። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረው፣ ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት ምስክር ነው። ፋርማሲስትና የሒሳብ ባለሙያ አብረው ሠሩ፤ ታካሚው የመድኃኒቱ ዓይነትና ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ ያዘ፤ የገባው፣ የተሸጠውና የቀረው በየጊዜው ይመሳከር ጀመር። ሥርዓቱ በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ሆስፒታሎች ተስፋፋ። መሐል ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ የመርሐቤቴው ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል የሚመደብ ተመራቂ ይህን ሥራ ላይ ሆኖ ሲደናበር ሊማረው አይገባም።

ስለዚህ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ያሉ የፋርማሲ መምህራን ተማሪን ለተግባር ልምምድ ሲልኩ ማዘዣ በማንበብ ብቻ አይመልሱት። ቢን ካርድ (የክምችት መቆጣጠሪያ ካርድ) ይሙላ፣ ቆጠራ ያካሂድ፣ የወር ፍጆታ አስልቶ ግዥ ያቅድ፤ ቶሎ ጊዜው የሚያልፈውን ከፊት መደርደርም ይልመድ። ተማሪውም “ይህ የአካውንታንት ሥራ ነው” ብሎ አይሽሽ። የመንዝና የመርሐቤቴ መድኃኒት ቤት ባለቤቶች ደግሞ መዝገባቸውን ለተለማማጁ ይክፈቱለት፤ ጊዜው ያለፈበትን ካርቶንም ሳይደብቁ ያሳዩት።